ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ቤዛ ለቤቷ ስፒከር ልትገዛ መርካቶ ይዛኝ ወረደች። እኔን የወሰደችኝ ዕቃ እንድመርጥላት አይደለም፤ እኔ ስለ ስፒከር ምን አውቄ! ለክርክር ነው። «አክስቴ፣ አንቺ አጠገቤ ካለሽ ዋጋ አይቆልሉብኝም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ሽበት ባያስከብርም ያስፈራል።

ሶማሌ ተራ ካሉት አዳዲስ ሕንፃዎች አንዱ ውስጥ ገባን። ሻጩ ጢሙን ያሳመረ ፈጣን ልጅ ነው። ስፒከሩን በስልኩ እያገናኘ ዘፈን ይከፍታል፤ ዘፈኑ ጉሮሮውን ሳይጠርግ በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ ሌላው ያልፋል። «ሰማሽ? ቤዙን ሰማሽ? ይሄንንስ?» ዘፈኖቹ ሁሉ በር ላይ እየታዩ ይመለሳሉ እንጂ አንዱም ወደ ቤት አይገባም። ቤዛ ሰለቻትና «ቆይ፣ በራሴ ሙዚቃ ልሞክረው» ብላ የራሷን ስልክ አገናኘች።

መጀመሪያ አንድ ቤዝ ብቻውን መጣ። ወፍራም ነው፤ ሳይቸኩል ይወጣል፣ ሳይቸኩል ይወርዳል። ቀጥሎ ትናንሽ ቃጭሎች ከሩቅ ተሰሙ። ልጁ «ቤዙ አሪፍ ነው» አለና እንደ ልማዱ አውራ ጣቱን ወደ ስልኩ ሰደደ።

«ተው! እንዳትነካው!»

ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቤዛ ደነገጠች። ምን ብዬ ላስረዳት? ያንን ቤዝ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የሚሄድበትን ግን አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ መጨረሻውን ሳልሰማ የቀረሁት ነገር ነው።

አባቴ የሞተው አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ትምህርቴን ከመሃል ተውኩና ወደ እናቴ ወንድም ወደ ጋሼ ንጋቱ ሱቅ ገባሁ። ሱቁ ሶማሌ ተራ ነበር፤ ሸክላ ይሸጡ ነበር። ዛሬ ሸክላ ሲባል ድስት ለሚታያችሁ፣ ያ ጥቁሩን፣ ክቡን፣ መርፌ እየዞረበት የሚዘፍነውን ማለቴ ነው። ጠባብ ሱቅ ናት፣ መደርደሪያው እስከ ጣራ፣ በሩ ላይ ደግሞ መንገዱን ሁሉ የሚያናግር ድምፅ ማጉያ።

ጋሼ ንጋቱ ተቀምጠው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ምሳቸውን ቆመው ነው የሚበሉት። ሱቁ ውስጥ የነበረችው ወንበር ለደንበኛ ብቻ ናት፤ እኔ እንኳ ሳርፍባት «የተቀመጠ ነጋዴ ዕቃው ላይ ተቀመጠ ማለት ነው» ብለው ያስነሱኛል። ሸክላ አሻሻጣቸውም እንደዚያው ነበር። ደንበኛ የሚፈልገውን ይጠራል፣ ጋሼ መርፌውን ያሳርፋሉ፣ ሰውየው ራሱን መነቅነቅ ሲጀምር መርፌው ብድግ ይላል። ነፃ ዘፈን የለም። «ቅቤ በጣት ጫፍ ይቀመሳል እንጂ በማንኪያ አይበላም» ይላሉ።

ስለዚህ እኔ የዚያን ዘመን ዘፈን ሁሉ የማውቀው በመጀመሪያው ብቻ ነበር። ሠርግ ቤት ሄጄ ዘፈኑ ሲቀጥል «ለካ እንዲህም ይላል!» እያልኩ እገረም ነበር። ሸክላ ቤት እየሠራሽ እንዴት አታውቂውም እያሉ ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር።

የስልሳ ስድስቱ ለውጥ መጥቶ የውጭ አገር ሰዎች ጓዛቸውን እየሸጡ በሚሄዱበት ጊዜ ጋሼ ከአንዱ ፈረንጅ ቤት ማጫወቻ ገዙ። ሰውየው ከማጫወቻው ጋር አንድ ሳጥን ሸክላ ጨመረላቸው። ትላልቆቹን ነው። የእኛዎቹ ትናንሽ ናቸው፤ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን። የፈረንጁ ግን ትሪ ያክላል፤ ፊቱን ሙሉ የሚይዘው ደግሞ አንድ ሙዚቃ ብቻ ነው። ጋሼ ጮቤ ረገጡ። ደስታቸው ብዙ አልቆየም።

ከሁሉ በላይ የነበረው ሸክላ ሽፋኑ ላይ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ቆሟል። ጢሙ ረጅም፣ ልብሱ ነጭና እስከ መሬት የሚወርድ፤ ሳክስፎኑ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ዓይኑን ጨፍኗል። አንዱ ደንበኛ «ቄስ ነው እንዴ?» ይላል። ሌላው «ኧረ ሼኽ ነው» ይላል። «ቆሞ ነው የሚተኛው?» ያለም ነበር። ጋሼ መርፌውን ያሳርፋሉ፤ ያ ቤዝ ይጀምራል፣ ቃጭሎቹ ይመጣሉ፣ ቆይቶ ዋሽንት የመሰለ ነገር ይገባል። ደንበኛው ይጠብቃል። ጋሼን ያያል፣ ማጫወቻውን ያያል፣ ደግሞ ጋሼን ያያል። በመጨረሻ የማይቀረውን ይጠይቃል።

«ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?»

«የለውም» ይላሉ ጋሼ መርፌውን እያነሱ።

«ታዲያ ዘፋኝ የሌለው ዘፈን ምን ያደርግልኛል?»

ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚጠይቀው። ጋሼም በሽቀው ነበር። «ሰዎቹ መሣሪያ ሲያስተካክሉ ነው የቀዱት። እሱን ደግሞ ሸጡለት!» ይሉ ነበር።

በመርካቶ ያልተሸጠ ዕቃ መጨረሻው ምርቃት ነው። ከገዛኸው ላይ ትንሽ ካልተጨመረልህ ግዢው እንደ ግዢ አይቆጠርም። እህል ገዢ እፍኝ ይመረቅለታል፣ በርበሬ ገዢም እንደዚያው። ጋሼም ታዋቂ ሸክላ በብዛት ለሚወስድ ሰው ከፈረንጁ ሳጥን አንዱን ይመርቁ ጀመር። እንዲህ እያሉ እነዚያ ሸክላዎች ደሴም ጅማም ሄዱ። «ሸክሙ ነው» ብሎ ምርቃቱን ትቶ የሚሄድ ሁሉ ነበር። ጋሼ የተረፉትን ለምናለሽ ተራ ሰዎች ሊሰጡ አሰቡ። እነሱ ደግሞ ምንም ነገር አይጥሉም፤ ሸክላውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አለስልሰው ጠርዙን ያጥፉና የአበባ ማስቀመጫ ያደርጉታል።

እኔን ግን ያ ዓይኑን የጨፈነው ሰውዬ ይዞኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ያኔ ብጠየቅ አልመልስም። አሁን ሳስበው፣ በዚያ ገበያ የማይቸኩል ነገር እሱ ብቻ ስለነበረ ይመስለኛል። ውጭ ኩሊው «መንገድ! መንገድ!» ይላል፣ ወያላው ይጮኻል፣ የኛ ድምፅ ማጉያ ከጎረቤት ድምፅ ማጉያ ጋር ይሰዳደባል። ቤዙ ግን ጊዜ እንዳለው ሰው ይራመዳል። የሚያውቀው ቦታ እየሄደ ነው፤ ለእኔ ብቻ ነው ያልነገረኝ። ደግሞም እኔ ራሴ ከመሃል የተነሳሁ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከመሃል፣ ትምህርቴ ከመሃል፣ ዘፈኑ ሁሉ ከመሃል። አንድ ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ እስከ መጨረሻው መስማት አማረኝ። አምሮት ስል ጾም ላይ ሥጋ የሚያምረውን ያህል ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ቀን እስከ መጨረሻው ልስማው?» አልኳቸው።

«መርፌውን ማን ያመጣልኛል? ለዘፋኝ የለሽ መርፌ ላባክን?» አሉ። መርፌ ያን ጊዜ ከውጭ መግባት እያቆመ ነበርና ክርክራቸው እውነት ነበረው። እኔ ግን ስጨቀጭቃቸው ሰንብቼ ቃል አስገባኋቸው። ለቡሄ ሱቁን በጊዜ ስንዘጋ እሰማዋለሁ።

ቡሄ ሳይደርስ አንድ ቀን ምሳ ላመጣ ቤት ሄጄ ስመለስ ሰውዬው መደርደሪያው ላይ የለም።

«የታለ?»

«ማን?»

«ዓይኑን የጨፈነው!»

«እሱን? ለእትዬ ሸምሲያ መረቅሁላቸው። ለሻይ ቤታቸው ብዙ ሸክላ ወሰዱ፤ ባዶ እጃቸውን ላሰናብታቸው?»

ምሳውን አስቀምጬ ከመደርደሪያው ጀርባ ገብቼ አለቀስኩ። ጋሼ ግራ ገባቸው። «ምን ሆንሽ ስንዱ? ሰው የሞተብሽ መሰለኝ እኮ!» አሉኝ። ቃል እንደገቡልኝ ረስተውታል። አስታወስኳቸው። ምሳቸውን ቆመው እየበሉ «ኤዲያ፣ ስንት ሸክላ ሞልቶ!» አሉ። እውነትም ሞልቷል። ግን እኔ መስማት የፈለግሁት የሌላውን መጨረሻ አይደለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሼ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ላለ ደንበኛ ዕቃ እንዳደርስ ላኩኝ። አደረስኩና በመመለስ ፋንታ ወደ መሳለሚያ ታጠፍኩ። ክረምት ነው። የመርካቶን ክረምት ያየ ያውቀዋል፤ ጭቃው ጫማ ይቀማል። እትዬ ሸምሲያ ሻይ ቤት ስደርስ እስከ ጉልበቴ ተለውሻለሁ።

እትዬ ሸምሲያ ከስልጤ አገር የመጡ፣ ሰውነታቸው ሞላ ያለ፣ ድምፃቸው ከእኛ ማጉያ የማይተናነስ ሴት ነበሩ። ቤቱ የቆርቆሮ ጣራ፣ ረጃጅም አግዳሚዎች፣ ቅርንፉድ የሚሸት ሻይ፣ ትኩስ ቦንቦሊኖ። ዝናብ ሥራ ያስፈታቸው ጥቂት ኩሊዎች ጆንያቸውን ራሳቸው ላይ እንደደፉ ይጠጣሉ። ቀና ስል ሰውዬዬ ግድግዳው ላይ! ሽፋኑን ከመካ ሥዕል ጎን ሰቅለውታል።

«ደግ ሰው ይመስላል» አሉ እትዬ ሸምሲያ፣ ስፈዝ አይተው። «ዱዓ እያደረገ ነው መሰል። ገና ሳየው ወደድሁት።»

«ሸክላውስ እትዬ?»

በማማሰያቸው ወደ ስኳሩ ቆርቆሮ አመለከቱኝ። ሸክላው የስኳር ክዳን ሆኗል። «እንደሱ ልክክ የሚል ክዳን አግኝቼ አላውቅም። ዝንብ የለ፣ ጉንዳን የለ» አሉና ከፍተው፣ ጨልፈው፣ ሲዘጉት ጥብቅ እንዲል በመዳፋቸው ጫን ብለው አሽከረከሩት። ጆሮዬ ላይ አንዳች ነገር የተፋቀ መሰለኝ።

እባክዎ ልስማው ብዬ ለመንኳቸው። ሳቁብኝ፤ ግን ልባቸው ሩኅሩኅ ነበር። ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ስኳሩን አጠብነው፣ በሻሻቸው ጫፍ አደረቁልኝ። ሻይ ቤቱ ማጫወቻ ላይ አስቀምጬ ፍጥነቱን ለትላልቆቹ ሸክላዎች ወደሚሆነው ዝግታ ሳዞር በሩ በርግዶ ተከፈተ። ጋሼ ንጋቱ ናቸው። ራሳቸው ላይ ላስቲክ ደፍተዋል፣ ከጢማቸው ውኃ ይንጠባጠባል።

«እዚህ እንደምትሆኚ አላጣሁትም! ሱቁን ለጎረቤት ጥዬ በዚህ ጭቃ አንቺን ላስስ? ተነሺ!»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ዝናቡ ወረደ። እንዲህ ያለውን ዝናብ መርካቶ የሚያወርደው ሰው መንገድ ላይ ሲቸኩል አይቶ ነው። ቆርቆሮው አገሳ። የሚወጣ ሰው አልነበረም።

«ንጋቱ፣ ቁጭ በል» አሉ እትዬ ሸምሲያ።

«ግዴለም እትዬ፣ እቆማለሁ።»

«በኔ ቤት ቆሞ ሻይ የሚጠጣ የለም። ቁጭ!»

ጋሼ ተቀመጡ። እንዴት እንደሚቀመጥ የረሱ ይመስል አግዳሚው ጫፍ ላይ ነው ያረፉት። ሻይ ቀረበላቸው። እኔ ጊዜ ሳላባክን መርፌውን አሳረፍኩ።

ቤዙ ጀመረ። ቃጭሎቹ መጡ። አንዱ ኩሊ ቦንቦሊኖውን እያኘከ ይጠብቅ ይጠብቅና፣ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አለ።

የጋሼ እጅ ከጋሼ ሳይማከር ወደ መርፌው ተዘረጋ። እትዬ ሸምሲያ በማማሰያቸው ጀርባውን መቱት። «እጅህን ሰብስብ! ይሄ ሱቅህ አይደለም!» ኩሊዎቹ ሳቁ፤ ጋሼ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ወሸቁ።

ሙዚቃው እኔ ከማውቀው ቦታ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የምሰማው። ሳክስፎኑ ገባ። መጀመሪያ በለሆሳስ ነው፣ እንደሚጠይቅ ሰው። መልስ ሲያጣ ደግሞ ይጠይቃል፤ ከበሮው ከኋላ ሆኖ ያበረታዋል። እትዬ ሸምሲያ ማማሰያውን ይዘው ቆሙ። «አባቴ ቤት መንዙማ ሲጀመር እንዲህ ነበር» አሉ። «መጀመሪያ ማንም አይቸኩል። እያደር ነው የሚሞቀው።» እኔን ትዝ ያለኝ አባቴ እጄን ይዞ ማኅሌት ያስቆመኝ ንጋት ነው፤ ከበሮው ገና ሲነካ፣ ጸናጽሉ ገና ሲያንሾካሹክ፣ ብርዱ። አባቴ በጣም ናፈቀኝ። እሳቸውም የራሳቸውን፣ እኔም የራሴን እየሰማን ነበር፤ ሙዚቃው ግን የአንዳችንም አልነበረም።

ዝናቡ አላሰማ ስላለን ሁላችንም ወደ ማጫወቻው ራሳችንን አቀረብን። ኩሊዎቹ አግዳሚያቸውን ጎተቱ። የጋሼ ሻይ ሳይነካ ቀዘቀዘ። ሳክስፎኑ ወጣ፣ ወጣ፣ እስኪሰነጠቅ ጮኸ። ከዚያ ደከመውና ወረደ። ቤዙ ብቻውን ቀረ። አለቀ ብዬ ተከዝኩ።

ያን ጊዜ አንድ ድምፅ ተሰማ። ከውጭ የመጣ መስሎን አንዱ ኩሊ ወደ በሩ ዞረ። ከውጭ አልነበረም። የሰው ድምፅ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ጎርነን ያለ። ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሁን ሌላ አልለየነውም፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፤ ሌሎች ድምፆች ከኋላው አንድ አንድ እያሉ ይከተሉት ጀመር።

ጋሼ ከአግዳሚው ከፍ ብለው «ገባ» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። አይመጣም ብሎ የተወውን እንግዳ በሩ ላይ ያየ ሰው እንደሚለው ነው።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ እትዬ ሸምሲያ። ኩሊዎቹ አጨበጨቡ። እኔ ያለቀስኩ ይመስለኛል። ያ ሁሉ ደንበኛ፣ ያ ሁሉ ጥያቄ፤ ዘፋኙ ለካ መንገድ ላይ ነበር።

ድምፁ ያንኑ አለ። ደግሞ ያንኑ አለ። ደግሞ። «ሲደጋግመው ደስ ይላል» አለ አንዱ። ሁላችንም የዘፈኑ ጠባይ መስሎን ራሳችንን እየነቀነቅን ሰማን። ጋሼ ግን ሸክላ የሚያውቁ ሰው ናቸውና ቀድመው ገባቸው። ጎንበስ ብለው ሸክላውን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው የስኳሩን ቆርቆሮ አዩ። የቆርቆሮው አፍ በየቀኑ ሲሽከረከርበት ሸክላው መሃል ላይ ክብ ቀለበት ፍቆ አስቀርቷል። መርፌው እዚያ ገብቶ መውጫ አጥቷል። ዘፋኙ በር ላይ ደርሶ ያንኑ ሰላምታ ይደግማል።

ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው መርፌውን አነሱ። መርፌ ሲያነሱ ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ እያዘኑ ሲያነሱ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ከቀለበቱ ወዲያ ሊያሳርፉት ሞከሩ። እዚያ ሁሉም ተፍቋል፤ መርፌው እየተንሸራተተ መሃል ላይ ያርፋል።

«ቀሪውስ?» አልኩ።

ጋሼ በአገጫቸው ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰው አመለከቱ። «ቀሪውን እሱ ያውቃል» አሉ።

ዝናቡ አባርቶ ልንሄድ ስንል ጋሼ ሸክላውን በሌላ ሊለውጡ ጠየቁ። እትዬ ሸምሲያ ተቆጡ። «ምርቃት ይመለሳል እንዴ? ነውር አይደለም?» አሉ። ነውር ነው፤ በመርካቶ ምርቃት መልሶ የተቀበለ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ሸክላው እዚያው ቀረ። ለስኳሩ ግን ሌላ ክዳን ተገዛለት።

ከዚያ በኋላ በእረፍቴ ቀን እየሄድኩ እስከ ቀለበቱ እሰማው ነበር። ደንበኞቹም ለመዱት። ድምፁ ሲመጣ ሁሉም በአንድ አፍ «ገባ!» ይላል፤ አንዱ ተነስቶ መርፌውን ያነሳል። ጋሼ ደግሞ በማግሥቱ እንደ ወትሮው ቆመው ነበር፤ መርፌም እንደ ወትሮው ያነሱ ነበር። ሰው በአንድ ዝናብ አይለወጥም። ብቻ ከፈረንጁ ሳጥን የተረፉትን ለምናለሽ ተራ አልሰጧቸውም። ደንበኛ ያችን ጥያቄ ሲጠይቃቸውም «የለውም» ማለት ትተው፣ «ይቆያል እንጂ ይገባል» ይሉ ነበር። መርፌውን እያነሱ!

ያ ክረምት ሲያልፍ እኔ በማታው ክፍለ ጊዜ ትምህርት ተመዘገብኩና ጨረስኩ። ከሸክላው ጋር ግንኙነት አለው ብዬ አልምልም። ሻይ ቤቱ ፈርሶ እትዬ ሸምሲያ ልጆቻቸው ጋ ሄዱ፤ ሸክላው የት እንደደረሰ አላወቅሁም። ካሴት መጣ፣ ሱቁ ተዘጋ፣ ጋሼ ንጋቱም አረፉ።

ይሄን ሁሉ ለቤዛ እዚያ ሱቅ ውስጥ፣ ሙዚቃው እየሄደ፣ ቆራርጬ ነገርኳት። እሷም በበኩሏ ነገረችኝ። መንፈሳዊ ጃዝ ይሉታል አሉ። በወጣበት ጊዜ አገሩም ላይ የገዛው ሰው የለም፤ ዛሬ ግን ወጣቱ በየዓለሙ ሸክላውን እያደነ ነው።

«እነሱ አገርም ምርቃት ሆኖ ነበር በይኛ!» አልኩ።

ሻጩ ልጅ ትዕግሥቱ አልቆ በአውራ ጣቱ ጠረጴዛውን ይመታል። ሌሎች ደንበኞች ይጠብቁታል። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ።

«እትዬ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?»

ሳቄ መጣ። እንባ እስኪያወጣኝ ሳቅሁ። «ወንበር አለህ ልጄ?» አልኩት። ያለችውን አንዲት ወንበር አመጣልኝ፤ እሱ ቆመ፣ ደንበኞቹም ቆሙ። ሳክስፎኑ ጠየቀ፣ ጮኸ፣ ደከመው፣ ወረደ። ቤዙ ብቻውን ቀረ። ልጁ አለቀ ብሎ ጣቱን ወደ ስልኩ ሲሰድ ያ ጎርናና ድምፅ መጣ። ልጁ እጁን አየር ላይ እንደዘረጋ ቀረና ቀስ ብሎ፣

«ገባ» አለ።

ያስተማረው ሰው የለም። ድምፁ ያንኑ አለ። ደግሞ ያንኑ አለ። እኔ የቤዛን እጅ ጨምድጄ ይዤ ቀለበቱን እጠብቃለሁ። ቀለበቱ ግን አልነበረም። ዘፋኙ በሩን አልፎ ወደ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ሌላ ቃል አለ።

«አክስቴ፣ ምን ሆንሽብኝ? እንሂድ?» አለች ቤዛ ፊቴን እያየች።

«ቆይ» አልኳት፤ «ይጨረስ።»